ቁልፍ የታጠቀው ሮቦት እና የመጨረሻው ባዶ ገጽ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣
ካሉበት

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ድምፅ ማጉያዎ የጠነከረ፣ ወገብዎም ያንን ሁሉ ቁልፍ ተሸክሞ የማይደክም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ፎቶ ኮፒ ማሽን የምጠግን፣ ሙያዬንም ከተበላሹ ማሽኖች እንጂ ከመምህር ያልተማርኩ ሰው ስሆን፣ ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት በዲሲፕሊን ኮሚቴዎ ፊት ከሚቀርቡት ሁለት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የአንደኛዋ አጎት ነኝ። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት ላነጋግርዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ጥበቃው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ ስለመለሰኝ ነው። በሦስተኛው ቀን በመስኮት ሆነው ሲያዩኝ እጄን አውለብልቤልዎ ነበር፤ ወዲያው መጋረጃውን ስለጋረዱ ስብሰባው ከመጋረጃው ጋር መሆኑን ተረዳሁ፣ አልተቀየምኩም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። የእህቴ ልጅ፣ እኔ «እርሳሴ» እያልኩ የምጠራት፣ ትስላለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የምትጋራት ጓደኛዋ ደግሞ ቃሉን ትጽፋለች፤ እሷን የሰማችውን ሁሉ ደብተሯ ላይ ስለምታሰፍር «ቃለ ጉባኤ» እላታለሁ። ሁለቱ ሆነው ስለሚዋጉ ግዙፍ ሮቦቶችና ከሌላ ፕላኔት ስለመጡ አጋሮቻቸው የሚተርክ የሥዕል መጽሔት ያዘጋጃሉ። ሮቦቱ ፎቅ የሚነቅል ጉልበት አለው፣ ዓይን ግን የለውም፤ ድመት የምታክለው አጋሩ ዓይን አላት፣ ጉልበት ግን የላትም፤ ስለዚህ እሷ ደረቱ ውስጥ ተቀምጣ ካልመራችው አንድ እርምጃ አይራመድም። በአራተኛው እትም የእነሱ ጦር ይሸነፋል፣ በወገቡ ቁልፍ የታጠቀው አዛዥ ሮቦትም ሁለቱን አስቀርቦ «ጥፋቱ የማናችሁ ነው? አንዳችሁ ተናገሩ» ይላቸዋል። የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው። ልጆቹ ምን ተብሎ እንደሚመለስለት ገና ሲከራከሩበት እትሙ ባለፈው ሳምንት በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተወረሰ።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ኮሚቴዎ የሚወደው አጻጻፍ እሱ እንደሆነ ከክስ ወረቀቱ ተምሬያለሁ።

፩. በክሱ ላይ «አዛዡ ሮቦት የትምህርት ቤቱን አመራር ለማዋረድ የተሳለ ነው» መባሉን አንብቤ የኮሚቴውን ዓይን አደነቅሁ። ልጆቹ የማንንም ስም የትም አልጻፉም። አዛዡ ጭንቅላቱ ላይ የጭስ መውጫ ያለው፣ ጥያቄ በሰማ ቁጥር የሚዝግ፣ አጋር ስለሌለውም ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ከተቀመጠበት ተነስቶ የማያውቅ ብረት ነው። እኔ ሦስት ጊዜ አንብቤው ማንም አልታየኝም፤ ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ግን በአንድ ድምፅ እርስዎን አዩ። ይህን ያህል በቅርብ የሚያውቁዎት ባልደረቦች ስላሉዎት እንኳን ደስ ያለዎ።

፪. የሮቦቱ የጉልበት መገጣጠሚያ «የጦር መሣሪያ ንድፍ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ለፊዚክስ መምህሩ ለምርመራ መላኩ የጥንቃቄዎን ጥልቀት ያሳያል። መምህሩም ሁለት ገጽ ጽፈው «አደገኛነቱ አልተረጋገጠም» ማለታቸውን ሰማሁ። ጉልበቱ የተሳለው ሱቄ ውስጥ ተፈቶ ከሚገኝ ማሽን፣ ወረቀት ስባ ከምታስገባ ጎማ ነው። እኔ ከዚህች ጎማ ጋር አሥራ አምስት ዓመት ስለኖርኩ ልመሰክርላት እችላለሁ፤ እስከ ዛሬ ያደረሰችው ጉዳት ቢኖር ወረቀት ማጨማደድ ነው።

፫. «ምንጫቸው ካልታወቀ ፍጡራን ጋር መወዳጀትን ማበረታታት» የሚለውን ክስ በተመለከተ፣ የፍጡሯ ምንጭ በሁለተኛው እትም ገጽ አምስት ላይ ተጽፏል። ኮሚቴው ከአራተኛው የጀመረው ትዕግሥት አጥቶ ከሆነ፣ የቀደሙትን እትሞች በውሰት እሰጠዋለሁ።

፬. ሰኞ ዕለት ጸሐፊዎ ደውለው «ማሽኑ ወረቀት ነክሶ አልለቅም ብሏል፣ ቶሎ ድረስልን» ስላሉኝ፣ አጎት ሆኜ ስመጣ የተዘጋብኝ በር ጠጋኝ ሆኜ ስመጣ ወለል ብሎ ተከፈተልኝ። ከማሽኑ ሆድ ስቤ ያወጣሁት የሮቦት ግማሽ አካል ነበር። ጸሐፊዎ ቀላ ብለው «ለኮሚቴው ማስረጃ ነው» አሉኝ። ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፤ ማሽኑ የመጨረሻ ትእዛዙን መዝግቦ ስለሚይዝ ግን ስክሪኑ አርባ ቅጂ ይላል። ልጆቹ የነበራቸው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ እሱንም አንብበው ለሚመልሱ ብቻ ነበር የሚሰጡት። በጥቂት ቀን ውስጥ የመጽሔቱ ትልቁ አሳታሚ ስለሆኑ በደራሲዎቹ ስም አመሰግናለሁ፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል አራተኛውን እትም ጋዜጣ ውስጥ ሸሽገው የሚያነቡትንም በስም ስለማላውቃቸው በጅምላ ሰላም እላለሁ።

፭. አምስተኛውን እየሳቅሁ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ትናንት እህቴን አስጠርተው «ልጅሽ ‹እኔ የሠራሁት ሥዕሉን ብቻ ነው፤ ሐሳቡም ቃሉም የጓደኛዬ ነው› ብላ ትፈርም፣ ከነገ ወዲያ ክፍሏ ትገባለች» አሉና አንድ ወረቀት ሰጧት። ለቃለ ጉባኤም እናት እንዲህ ያለ ወረቀት ሰጥተዋል፤ የተለየው ስሙና የ«ሥዕል»ና የ«ቃል» ቦታ መለዋወጡ ብቻ ነው። ደንቡ ጥፋተኛው አንድ ነው ይላል ተባለ፤ አንዳቸውም ካልፈረሙ ሁለቱም ይባረራሉ ተባለ። ቃለ ጉባኤ የምትማረው በነፃ የትምህርት ዕድል ነው፤ እናቷ የሆስፒታል አንሶላ ያጥባሉ፣ እሷ ከዚህ በር ከወጣች የምትገባበት ሌላ በር የለም። ይህንን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ፤ ፋይሏ ያለው እርስዎ ቁልፍ በያዙለት ካቢኔ ውስጥ ነው።

እህቴ ምሳ ላይ «የኔ ልጅ፣ ስለ ሰው ልጅ ምን አስጨነቀሽ፣ ፈርሚና ተገላገይ» አለቻት፤ ቀጥላም ቀና ብላ ልታያት ስላልቻለች ያልቆሸሸ ሰሃን ልታጥብ ተነሳች። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እኔ እንደ ልማዴ ላሾፍባት ጎኗ ተቀመጥኩና «ምነው እርሳሴ፣ ተቀርጸሽ አለቅሽ እንዴ?» አልኳት። ወረቀቱን እያገላበጠች «አጎቴ፣ እኔ ብቻዬን የሠራሁት የቱ ነው? እሷ ካልነገረችኝ ምን እንደምስል አላውቅም። እሷም እኔ ካልሳልኩላት ምን እንደምትጽፍ አታውቅም» አለችኝ። የምመልሰው ቀልድ ፈልጌ አጣሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ቀልድ ሲያልቅብኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱንም የእርስዎ ውለታ አድርጌ ይዤዋለሁ። ወረቀቱ እስካሁን አልተፈረመበትም። የጓደኛዋም እንዳልተፈረመበት እናቷ ነግረውኛል።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ጥፋተኛ ብቻ ከፈለገ ላቀልልዎ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ አዛዡን የሳለችው ጎራዴ አስታጥቃ ነው። «ጎራዴ ማንም ይይዛል፤ ቁልፍ አንጠልጥዪለት፣ እሱ ነው የሚያስፈራው» ያልኳት እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤ «ለምን ቁልፍ?» ብላ ስትጠይቅም «ዝም ብለሽ ጻፊ» ያልኳት እኔው ነኝ። ይህንን ቃሌን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ነገም ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በር ላይ ስለምቆም ማስጠራት አያስፈልግዎትም። ከሰባተኛ ክፍል ሊያባርሩኝ ሙሉ ፈቃደኛ ነኝ። ያለው እንቅፋት አንድ ነው፤ እኔ የቆምኩት አምስተኛ ላይ ስለሆነ፣ ከማባረርዎ በፊት ሁለት ክፍል ሊያሳድጉኝ ይገደዳሉ።

የማሽን ክዳን በተከፈተ ቁጥር የሚያገለግልዎ፣ በር በተዘጋ ቁጥር ደግሞ የሚያንኳኳብዎ፣ ከደጅዎ የማይጠፋው ጎረቤትዎ
ፎቶ ኮፒ ጠጋኙ አጎት

ግልባጭ፦
ለወላጆች ኮሚቴ
ለበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለፊዚክስ መምህሩ (ከአንዲት ጎማ ጋር)

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሰኞ ማሽኑን ጠግኜ ክዳኑን ሳነሳ፣ መስታወቱ ላይ የመጽሔቱ ዋና የመጨረሻ ገጽ ተረስቶ አገኘሁት። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ቅጂውን ይዞ ይሄዳል፣ ዋናውን ክዳን ሥር ይተዋል። ባዶ የነበረው ገጽ አሁን ባዶ አይደለም፤ ከታች በኩል በአረንጓዴ ቀለም «ከዚያስ?» የሚል ተጽፎበታል። በትምህርት ቤቱ በአረንጓዴ ቀለም የሚጽፉት እርስዎ ብቻ እንደሆኑ የሰባት ዓመት የውጤት ካርድ ይመሰክራል። ገጹን አሽጌ አስቀምጬዋለሁ፣ ነገም ይዤው እመጣለሁ። ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ መልሱን ብቻዋን የምታውቅ አንዲት ልጅ ግን የለችም፤ የሚያውቁት ሁለት ሆነው ሲቀመጡ ነው። አንዷን ካስወጡ፣ እርስዎም እንደዚያኛው አዛዥ ከወንበርዎ ሳይነሱ «ከዚያስ?» እያሉ ይኖራሉ።