ጋሽ ሀብተሥላሴን ስለ መግፋቴ

«እምሩ ባሕር አፋፍ ላይ ሽማግሌ ገፍቷል አሉ። እኔ ልጄን ሽማግሌ ለሚገፋ ሰው አልሰጥም። ሐሴት ሳን ሆዜ እስክንድር ቤት ትግባ።»

ይድረስ ለእትዬ ሠናይት፤ ከላይ ያለው ቃል የራስሽ ነው፤ ሰኔ 21 ቀን በቴሌግራም ከላክሽው አንዲት ፊደል አልነካሁም። እንደዚያም ሆኖ ሰላምታ አላጓድልም። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የደም ግፊት መድኃኒትሽን በሰዓቱ ትወስጃለሽ ወይስ ዛሬም ሲያምሽ ብቻ ነው? አሰላ ዝናቡ ገባ? እኔ ከቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር በቀር ደህና ነኝ።

የነገረሽ እስክንድር እንደ ሆነ አውቃለሁ። ታናሽ ወንድማችን ካየው ግማሹን ነው የሚያወራው፤ ሙሉውን ከእኔ ስሚ።

የእግር ጉዞ ማኅበራችን አባላት ዘጠኝ ሆነን ከኦክላንድ ወደ ሰሜን በመኪና ሄድንና መኪና በማይደርስበት የውቅያኖስ ዳርቻ ለሦስት ቀን በእግር ልንጓዝ ተነሣን። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ውኃ ነው። አንዳንዱ ቦታ የሚታለፈው ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው፤ ሲመለስ መንገዱን ይውጠዋል። ስለዚህ የሚሸሽበትንና የሚመለስበትን ሰዓት አትሜ፣ ውኃ እንዳይነካው በፕላስቲክ አስለብጬ ለሁሉም አደልኩ። እስክንድር ቲማቲም ከተፈበት።

በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ የአለት ጥግ ደረስን። ባሕሩ እስኪመለስ የቀረን ሃያ ደቂቃ ነበር። የእስክንድር ልጅ ቲና ዘልላ አለፈች። ሌሎቻችን ቆምን። ለምን? ጋሽ ሀብተሥላሴ እንዲቀድሙ! ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። «ይለፉ ጋሼ» አልናቸው። «የለም፣ ሴቶች ይቅደሙ» አሉ። ከማኅበርተኞቻችን አንዷ ቤተልሔም «እርስዎ ቆመው እኔ? በማርያም፣ እንዲህ ያለ ነውር አያሠሩኝ!» አለች። «እንግዲያው ወጣቶቹ» አሉ። ከወጣቶቻችን ትንሹ አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱም ኮፍያውን አውልቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቲና ከማዶ ቪዲዮ ልትቀርጽ ስልኳን ደግና «ጋይስ፣ ጀስት ጎ!» እያለች ትጮኻለች። ሰዓቴን ይዤ ነበር፤ አሥራ አራት ደቂቃ ተግደረደርን። ውኃው ጫማችንን ሲያርስ ጋሽ ሀብተሥላሴ «እኔ አልቸኩልም» ብለው ድንጋይ ላይ ሊቀመጡ ዳዳቸው። ያኔ ወገባቸውን በሁለት እጄ ይዤ ገፋኋቸው። አዎን፣ ገፋሁ! እሳቸው ካለፉ በኋላ ሌላው ሁሉ ተግተልትሎ አለፈ። የቲና ቪዲዮ ዘጠኝ ሰከንድ ነው፤ አሥራ አራቱን ደቂቃ አያሳይም። ጋሽ ሀብተሥላሴ ራሳቸው በማግስቱ ግንባሬን ስመው «ተባረክ፤ አባትህ ቢያዩህ ግን ይቆጡህ ነበር» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን አልደብቅሽም። መጨረሻ የቀረነው እኔና እስክንድር ነበርን። «ታላቄ ነህ፣ ቅደም» አለኝ። «አንተን ከኋላ ትቼ ለእትዬ ምን እላለሁ? ቅደም!» አልኩት። ስንገፋፋ ባሕሩ መንገዱን ዘጋብን። ስድስት ሰዓት ሙሉ አለት ላይ ተኮራምተን ተቀመጥን፤ ወፎቹም ልብሳችን ላይ የልባቸውን አደረሱ። የላክሽልኝን ጭኮ እዚያው ጨረሰብኝ። ይህን ነግሮሻል?

ሐሴት ከአሰላ መጥታ የምትማርበት ኮሌጅ ከቤቴ በአውቶቡስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ከሳን ሆዜ ግን በየቀኑ ባቡር ላይ ልታረጅ ነው። ክፍሏን ቀለም ቀብቻለሁ። የመጽሐፍ መደርደሪያውን አፍርሼ እንደገና ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሴንቲ ሜትር አዘንብሎ ነበር። ልጆቼ ከወጡ ወዲህ እራቴን የምበላው ወጥ ቤት ቆሜ ነው። ልጅቷ እንድትመጣልኝ እፈልጋለሁ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

አጎታችንን ጋሼ ወልደ ሚካኤልን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ልጅሽ ኢዮሲያስ ሞተሩን ቀስ ብሎ ይንዳ። ጎረቤትሽ ሂክማ በቪዲዮው ሆዷን ይዛ መሳቋን ሰምቻለሁ፤ ቢሆንም ሰላም በያት። ሐሴትን ስለ ጠቡ ምንም አትንገሪያት፤ አጎትሽ ናፍቆሻል ብቻ በያት።

«ከእምሩ ጋር ትኖራለች» ወይም «አትኖርም» የሚል መልስ፣ ከነምክንያቱ፣ እስከ ሐምሌ 15 ቀን በጽሑፍ ይድረሰኝ። እንዳትደውዪ፤ አላነሣም። በስልክ ታለቅሺብኛለሽ፣ እኔም ያለሽውን ሁሉ እሺ እላለሁ።

ወንድምሽ እምሩ
ኦክላንድ፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.