ብትሞት የእሷ፣ ብትጎዳ የእኔ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ለምወድህና ዛሬ ላንቅህ ለምፈልገው ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? መጋዙስ፣ ግንዱስ፣ የፋብሪካው አቧራስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ እንዳልልህ ከትናንት ወዲህ ደህና አይደለሁም። የደንበኛ ሱሪ ፊትና ኋላውን አዘዋውሬ ሰፍቼ ስተረትር ነው የዋልኩት። ምክንያቱ አንተ ነህ።

ትናንት የፋብሪካችሁ ዋና መሥሪያ ቤት ጠርቶኝ ሄድኩ። የቤተሰብ ፋይልህን እያደሱ ነው አሉኝ። እኔ ሞኟ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ ጉርድ ፎቶዬን ይዤ ደረስኩ። ጸሐፊው የአደጋ ኢንሹራንስህን ፎርም አውጥቶ ዘረጋልኝ። «ሠራተኛው ቢሞት ገንዘቡን የሚቀበል» ከሚለው ፊት ለፊት በገዛ እጅህ «ባለቤቴ» ብለህ ጽፈሃል። ከጎኑ ያለው ስም የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የፋርማሲዋ! የፊተኛዋ ሚስትህ! ከተፋታችሁ ሰባት ዓመት ያለፋችሁ!

ቤት ቀየርክ፣ አልጋ ቀየርክ፣ በእኔ እጅ ወፍረህ የሸሚዝ ቁጥር ቀየርክ፤ አንዲት ወረቀት ግን መቀየር አቃተህ። ረሳሁት እንዳትለኝ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጸሐፊው ፊቴን አይቶ ሊያስረዳኝ ሞከረ። «እትዬ፣ ይሄ የሚሠራው ለአደጋ ብቻ ነው። በአደጋ ከሞተ ሙሉው ለተመዘገበችው ይከፈላል። አንድ እጁ ወይም አንድ እግሩ ከተቆረጠ፣ ወይ አንድ ዓይኑ ከጠፋ ግን ግማሹ ለራሱ ነው።»

«ያኔ የማስታምመው እኔ ነኛ!» አልኩት።

«እሱን እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አለኝ።

ይኸው ነው የእኔ ድርሻ። ብትሞት የእሷ፣ ብትጎዳ የእኔ! ቁስልህን የማጥበው፣ የሸሚዝህን ቁልፍ የምቆልፍልህ እኔ፤ ሐዘኑን ከነገንዘቡ የምትረከበው እሷ። ቀናሁ፣ አዎ ቀናሁ፤ ምን አስደበቀኝ!

ስመለስ እግሬ ወደ እሷ ፋርማሲ ወሰደኝ። ሳያመኝ የራስ ምታት ክኒን ገዛሁ። «እሱ ደህና ነው?» አለችኝ። «መጋዙን ይጠንቀቅ በይው።» ስለ ፎርሙ ምንም እንደማታውቅ ከፊቷ ገባኝ። ቅናቴ ግን ይብሱን ተነሳ። አንተ ስትሄድ እኔ በር ላይ ቆሜ የሶፋ መግዣውን ገንዘብ ቶሎ ላክ አልኩህ እንጂ መጋዙን ተጠንቀቅ አላልኩህም።

ከቢሮው የሰጡኝን አዲስ ፎርም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ከአንተ በቀር ማንም ሊቀይረው አይችልም ብለውኛል። ስሜን በእርሳስ ጽፌበታለሁ፤ አንተ በእስክሪብቶ ድገምበት። ካልፈለግክም ላጲስ አታጣም፤ ብቻ ቁርጤን ልወቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከቢሮው ልወጣ ስል ጸሐፊውን «አርጅቶ፣ አሞት፣ አልጋው ላይ ቢሞትስ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እንደዚያ ከሆነማ ለማንም አምስት ሳንቲም አይከፈልም» አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሰማሁት ደግ ወሬ ይኸው ብቻ ነበር።

እንግዲህ ምርቃቴን ተቀበል። እጅህም፣ እግርህም፣ ዓይንህም አይጉደሉብህ። አርጅተህ፣ ጥርስህ አልቆ፣ ስትነጫነጭብኝ ኖረህ፣ በራስህ አልጋ ላይ እኔው አጠገብ ሙት። እሷም አታግኝ፣ እኔም አላግኝ።

ፎርሙ የማያውቃት ሚስትህ