የድልድዩን ጠባቂ ያስለፈለፈው መጽሐፍ

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድምዓለም፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተሻለህ? በሰው አገር፣ ያ የምትሠራበት ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ አሁንም ሁለት ሹራብ ደርበህ ነው የምትውለው? እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ አለን፤ ቆመን እንሄዳለን። ናፍቆትህን ግን አልቻልነውም።

የላክኸው መጽሐፍ ደርሶናል፣ እጅህ ይባረክ። ከልጅነታችሁ ስትራኮቱበት ያደጋችሁት ያ «የድልድዩ ጠባቂ» የሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ በልቦለድ ወጣ ሲባል፣ ታናሽ ወንድምህ ጀነራል የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ሽፋኑን በጣቱ እየዳበሰ «ይኼ ጠባቂው ነው አይደል?» አለኝ። የያዘው ጀርባውን ነበር፤ ምንም ሥዕል የለበትም።

እንግዲህ ልንገርህ። በስልክ «ዓይኔ እየተሻለው ነው» የሚልህን አትመን። ስኳሩ አንዱን ዓይኑን ጨርሶ ሌላውን ይዞታል። ሞባይል ጥገናውንም ትቷል፤ የጋለውን መበየጃ ጣቱ ላይ ሲያሳርፈው ጊዜ ባለሱቁ ራሱ መሣሪያውን ከእጁ ተቀበለው። ጨዋታውማ ከቀረ ቆየ፣ ስክሪኑ ጭጋግ ነው ይላል። መጽሐፉን እንደዚያ የጠበቀው ለዚህ ነው፤ እኔ ላነብ፣ እሱ በልቡ ሊጫወት።

ምን ዋጋ አለው! ከስፌት ቤት ስመለስ እየተቀመጥኩ አነበብኩለት። በጨዋታው ትንፍሽ ብሎ የማያውቀው ጠባቂ እዚህ እንደ ሬዲዮ ይለፈልፋል። ስለ እናቱ ያወራል፣ ስለ ጫማው ያወራል፣ ላላፊ አግዳሚው ምክር ያድላል። ጀነራል መጀመሪያ ሳቀ፤ «ሰውየውን ምን አጠጡት?» አለ። ከድልድዩ ማዶ ያለው ማማ ጋ ስንደርስ ግን ብድግ ብሎ «በግራ አይደለም! በግራ ገደል ነው!» ብሎ ጮኸብኝ፣ እኔ የጻፍኩት ይመስል። በጨዋታው ክረምቱን ሙሉ ለፍቶ ያገኘውን መሻገሪያ ደራሲው በግማሽ ገጽ አሻገረልን። ጭራሽ ጠባቂውን ዳረው! «በቃ ዝጊው» አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ሳላይ መሄድ የምችለው እዚያ ብቻ ነበር እኮ፤ እሱንም አጠፉብኝ» ሲል መጽሐፉን ዘጋሁት። ያንን ደራሲ ባገኘው አፉን በወፍራም መርፌ እሰፋው ነበር።

ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ ነግራኛለች፤ የቀረውም ዓይን ብዙ አይቆይም። ዛሬ በጣም ከቀረቡት የሰው ፊት ይለያል፤ ነገን እንጃ። ስለዚህ አዲሱን ጨዋታ እልካለሁ ያልከውን ተወው። ፈቃድ ጠይቅና ና። ወንድሜ፣ ሳያይህ እንዳይጨልምበት።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ የዓይኑን ነገር ግማሹን ነው የምታውቀው። አክስታችን «ሰው አንድ ፎቶ መላክ ያቅተዋል?» ብላ ተቆጥታሃለች፣ ሰላምታዋ እንደምታውቀው ነው። የስፌት ቤቷ እመቤትም ሰላም ብላሃለች።

ጀነራል አጠገቤ ተቀምጧል። ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ እሱ ነው። «ላቡን አንጠፍጥፎ የገዛው ነው፣ መጽሐፉ ግሩም ነው በይው፤ ዓይኔም ደህና ነው፤ አዲሱን ጨዋታ እየጠበቅኩ ነው በይው» ይለኛል። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲንሿሿ እየሰማ፣ ያለውን የምጽፍ መስሎት ፈገግ ይላል። አሁን ደግሞ «እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ» አለኝ።

እሱ ያለውን አነብለታለሁ።

የምትወድህ እኅትህ
ከእማዬ ቤት፣ የካቲት ፲፩ ቀን