የማያልቀውን ስጠኝ

ማክሰኞ፣ መስከረም 24

ለአበልጄ፣

እንዴት ከርመሃል? በር ተዘግቶበት ለከረመ ሰው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ቀልድ ይመስላል። ግን ሰላምታ ሳይሰጥ ወደ ነገር የሚገባ ሰው ከውሻ ያንሳል፤ ውሻ እንኳ መጀመሪያ ጭራውን ይቆላል። ወገብህን ይዞህ የነበረው ሕመም ተሻለህ? የክርስትና ልጄ ቢያድግልኝ ትምህርቱን ጀመረ? ሚስትህስ? ላሚቱ ወለደች? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሰባ ዓመት ተሸክሞኛል፤ አሁን ቢያጉረመርም አልፈርድበትም።

ይህን የምትጽፍልኝ ባንቺአየሁ ናት። አዎ፣ የውባንተ ሚስት፤ ሐምሌ ላይ የቀበርነው የወንድሜ ልጅ ሚስት። አትደንግጥ። እኔ እንደምታውቀው ፊደል አልቆጠርኩም። በአጥራችን ውስጥ እጁ ለብዕር የተገራ እሷ ብቻ ናት፤ ዲያቆኑ ደግሞ አፉ ወንፊት ነው። ከአፌ የወጣውን እንዳለ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው ብያታለሁ። ለምን በስልክ አልነገረኝም ትል ይሆናል። በስልክ የተናገሩት ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እኔ አውራ ጣቴን የማሳርፍበት ነገር ነው የፈለግሁት።

ትናንት የጌም ቤቱ ሳጂድ መጥቶ መልእክትህን ነገረኝ። «ጨዋታው ባያልቅ ነገ አለው፤ ሰሊጤ ግን ነገ የለውም። ሐሙስ እወጣለሁ» ብለሃል አሉ። አብደሃል? የሟች ወገን እርቅ እስኪያወርድ ድረስ ደም ያለበት ሰው ከደጁ እንደማይወጣ ሕጻን ያውቃል። ባየልኝ የወንድሙን የውባንተን ጠመንጃ ይዞ ከማሳህ ራስ፣ ከወንዙ ማዶ ካለው ግራር ሥር ከተቀመጠ አሥር ቀኑ ነው። ስንቁን እናቱ ትልክለታለች። ለሰሊጡ ሲል መምጣቱ አይቀርም እያለ ይጠብቅሃል። ባለፈው ሄጄ፣ ተነስ ወደ ቤትህ ግባ ብለው፣ «አጎቴ፣ እርስዎ ጉልበትዎን ይታመሙ፤ እኔ ገና ጉልበት አለኝ» አለኝ። ያሳደግኩት ልጅ ነው እንዲህ የሚለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። መልስ ያልሰጠሁት ፈርቼ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ።

ሰሊጥህን አይቼዋለሁ። ቅጠሉ ረግፏል፣ የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት ደርሷል። እንዲህ ያለ ሰሊጥ በዓይን እያዩ መቀመጥ ምን እንደሆነ ለእኔ አትነግረኝም። አንዴ መሬት ላይ ከፈሰሰ የሚለቅመው ወፍ ነው። ቢሆንም እሑድ ሽማግሌዎች እስኪቀመጡ ድረስ አትውጣ።

አሁን ያን የቴሌቪዥን ጨዋታ ለምን እንደሰጠሁህ ልንገርህ።

ነሐሴ ላይ ነው። ፖሊስ አደጋ ነው ብሎ በዋስ ከለቀቀህ በኋላ ግድግዳ ግድግዳ ስታይ እንደምትውል ሰማሁ። ሃያ ዓመት የትራክተር መሪ ጨብጦ የኖረ እጅህ ሥራ አጥቶ የበሩን መወርወሪያ ሲነካካ ይውላል አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን በሩን በርግዶ ይወጣል አልኩ። ምን ባደርግ ይቀመጥልኛል ስል፣ የሳጂድ ጌም ቤት ትዝ አለኝ። ጎረምሶቻችን ገብተው የሚቀሩበት ቤት ነው፤ እናት በር ላይ ቆማ ብትጣራ አይሰሙም። መተማ ዮሐንስ ወረድኩና ገባሁ። እኔን የሚያህል ሰው ረግጦት አያውቅም። ሁሉም ኳስ የሚጫወትበትን ይዞ ይጯጯሃል። አንዱ ጩጬ፣ «አባባ፣ እርስዎ የማን ደጋፊ ነዎት?» አለኝ። እኔ የማንም ደጋፊ አይደለሁም፣ የእኔ ደጋፊ ግን ይህ ከዘራ ነው፣ ጀርባህ ላይ እንዳላሳርፈው አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ሳጂድን ወደ ጥግ ጠርቼ፣ የማያልቀውን ስጠኝ አልኩት። የቱን? አለ። ሰው ጀምሮ የማይጨርሰውን፣ ልጨርሰው ብሎ የሚታሰርበትን። «አባባ፣ ሰው የሚገዛኝ የሚያሸንፍበትን ነው» ብሎ ሳቀብኝ። አልሄድ ስለው ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሰ ማሸጊያ አወጣ። ወላሂ ይህን የወሰደ ሁሉ ሳምንት ሳይሞላው መልሶልኛል፣ አንዱማ ተናዶ መጫወቻ እጀታውን ግድግዳ ላይ ፈጥፍጦታል አለ። ከፍቶ አሳየኝ። ጋሻና ጎራዴ የያዘ አንድ ብቸኛ ሰው ነው። የፈረሰ ከተማ ውስጥ ሰባት በር ማለፍ አለበት። በየበሩ ዘበኛ ቆሟል። ዘበኛው ይመታዋል፣ ሰውየው ይወድቃል፣ ቀይ ጽሑፍ ይወጣል። ምን ይላል? አልኩ። ሞተሃል ነው የሚለው አለኝ። ከዚያ ሰውየው ይነሳና ከመጀመሪያው በር እንደገና ይጀምራል።

እኔም ያዝኩት። ጫካውን ከአውሬ ጋር ተሻምቼ የመነጠርኩ ሰው፣ ገና ጎራዴዬን ሳላነሳ ሞትኩ። እንደገና ሞትኩ። ጎረምሶቹ ኳሳቸውን ትተው ከኋላዬ ተሰበሰቡና፣ «አባባ ጋሻ! ጋሻውን ያንሱ!» እያሉ ይጮኻሉ። የትኛው ነው ጋሻው? ሁሉም ቁልፍ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ሞቼ አስቀመጥኩት። ይኸው ነው፣ ይኸን ነው የምፈልገው አልኩ። ሁለት ፍየል ሰጥቼው ዕቃውን ከነጨዋታው ወሰድኩ። ሳጂድ እስላም ነጋዴ ነው፣ በደሙ የለበትም፤ በእናንተም በእኛም ደጅ ይገባል። ለሽንፋ ገበያ ሲወጣ በከረጢት፣ ከሽንኩርት በታች አድርጎ አደረሰልህ። የቤተሰቡ ራስ ለደመኛው ስጦታ ላከ ቢባል ዘመዶቼ ፊቴ ላይ ይተፉብኝ ነበር።

ባንቺአየሁም ይህን ገና አሁን መስማቷ ነው። እጇ ግን አልቆመም።

አንተ ደግሞ ያው አንተ ነህ። ሳጂድ በመጣ ቁጥር ወሬህን ያመጣልኛል። በሁለት ሳምንት ሁለተኛውን በር አለፍክ ብሎ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ነገረኝ። ሚስትህ፣ «ከትራክተሩ ተገላገልኩ ስል ይህን ጣውንት አመጣብኝ» አለች ሲለኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ሶላሩ ሲደክም ቴሌቪዥኑን እንደ በሬ ትለማመጠዋለህ አሉ። ደስ አለኝ። ከዚያ ጳጉሜን ላይ ይህን ላክህብኝ፦ «እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ከእብደት ነው ያዳንከኝ። ሦስተኛው ዘበኛ ግን ወደ ኋላ ባልኩ ቁጥር ይገድለኛል።»

አንተ የነገርከኝ ስለ ዘበኛው ነው። አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ወደ ኋላ የምትለዋን ቃል ከነምርቃትህ ይዣት አደርኩ።

እዚህ ላይ ባንቺአየሁን ቁሚ አልኳት። ውሃ ጠጣሁ። አሁን ቀጥዪ ብያታለሁ።

አበልጄ፣ የሐምሌ አቦ ማግስት የሆነውን እኔና አንተ እናውቃለን። ያንተን ማሳ ዘርተን ጨርሰን የእኔ ላይ ነበርን። ዝናቡ ጠቁሮ እየገፋ መጥቷል። በማረሻው ዲስክ ውስጥ ጉቶ ተሰክቶ ውባንተ ሊያወጣው ከኋላ ገብቷል። የትራክተርህ መስታወት ከተሰበረ ቆይቷል። አንገትህን አውጥተህ በሞተሩ ጩኸት ላይ «ነጻ ነው ወይ?» ብለህ ጮኽክብኝ። እኔ ሰማዩን ነበር የማየው። ዘሬ በጎርፍ ሊሄድብኝ ነው እያልኩ ነበር። ውባንተ ወጥቷል ብዬ ነው እንዳልል፣ እንደዚያ እንኳ አላሰብኩም። ጨርሶ አላሰብኩም። እጄን አንስቼ ና፣ ና አልኩህ። አንተም ወደ ኋላ መጣህ።

ፖሊሱ ና ያለህ ሰው ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቅህ አጠገብህ ቆሜያለሁ። ቀና ብለህ አየኸኝ። ከዚያ «ማንም አላለኝም፤ እኔው ነኝ ሳላይ የነዳሁት» አልክ። ዝም አልኩ። ውባንተ ሰርግ ቤት ላይ ስለቀለደበት ቂም ይዞ ነው፣ ሆን ብሎ ነው ሲሉህ ዝም አልኩ። ባየልኝ ጠመንጃውን ከግድግዳው ሲያወርድ ዝም አልኩ። ሁለት እሑድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ የቤተሰቡ ራስ ነዎትና ምን ይላሉ ሲሉኝ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። ባየልኝ በጉልበቴ የዘበተው እሱን ሰምቶ ነው። ምን ብዬ ልመልስለት?

ለምን ብትለኝ፣ ሰበብ መደርደር አልወድም። አባቱን ቀብሬ ውባንተን ከአምስት ዓመቱ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አጎቱ ገደለው የሚል ቃል በዚህ አገር ሰው አፍ ላይ እንዲገባ አልፈለግሁም። አንተ ብትሞት ይሻላል አላልኩም። ግን ሳልለው እንደዚያ እየሆነ ነበር።

ጨዋታውንም ሕይወትህን ላድንበት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን፣ ሥራ የፈታ ሰው ያስባል፣ ያሰበ ሰው ይናገራል ብዬ ነው። አንተ ዘበኛ ስትታገል እኔን እንድትረሳኝ ነው። አፍህን ልገዛበት ላክሁት፤ አንተ መረቅከኝ።

ባንቺአየሁ ትጮሃለች ብዬ ነበር። ፊቷን ትነጫለች፣ ወረቀቱን ትቀድዳለች ብዬ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይቀጥሉ፣ እየጻፍኩ ነው» አለችኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። እሑድ ሽማግሌዎች ፊት እቆምና ና ያልኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ባየልኝ ከፈለገ አፈሙዙን ወደ እኔ ያዙር። ሰሊጥህን በሳሉግ ላሳጭድልህ ሞክሬ ነበር፤ ጠመንጃ ያዥ ባለበት ማሳ አንገባም ብለው የቀን ሠራተኞቹ ሁሉ እምቢ አሉኝ። ስለዚህ የሚፈሰው ይፍሰስ። የጎደለብህን ከራሴ ማሳ አሳጭጄ እሞላልሃለሁ። አንተ እስከ እሑድ ብቻ ያን ዘበኛ እየታገልክ ተቀመጥልኝ። በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም። አሁን እየለመንኩህ ነው።

እሑድ ደርሼ ምላሴ ቢታሰር ደግሞ፣ ሁለት ጊዜ ታስሯልና አልመካበትም፣ ይህን ወረቀት ለሽማግሌዎቹ ልከህ አስነብበው። ከታች ያለው አውራ ጣት የእኔ ነው። አልክደውም።

አምላክ በርህን ከክፉ ይጠብቅልህ። ወደ ውጭ የምትወጣበትን ቀን ያቅርብልህ። ቤትህ አይጉደል፣ የልጆችህን ክፉ አያሳይህ። ቢያድግልኝን ግንባሩን ሳምልኝ፤ ከእሑድ በኋላ የክርስትና አባቴ ብሎ ሊጠራኝ ካልፈለገም አልቀየመውም።

አበልጅህ
(የአውራ ጣት አሻራ)

ከዚህ በታች ያለውን እሳቸው አላሉኝም። ማንበብ ስለማይችሉም አያውቁትም።

ውባንተ እዚያው ማሳው ላይ አልሞተም። ወደ ገንዳ ውሃ ሆስፒታል ስንወስደው መኪናው ላይ ራሱ ጭኔ ላይ ነበር። «አጎቴ ነው ና ያለው፤ ሰውየውን እንዳትነኩት» አለኝ። ከእኔ በቀር የሰማው የለም። የምኖረው በእሳቸው አጥር ውስጥ ነው፣ ልጆቼም ከእጃቸው ይበላሉ፤ እውነቱ ከአፋቸው እስኪወጣ ጠበቅሁ። እርስዎን ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ እዚያ ቤት ያስቀመጥኩት እኔም ነኝ።

እሑድ ይናገራሉ፣ አምናቸዋለሁ። ሰሊጡ ግን እሑድን አይጠብቅም። ሐሙስ ፀሐይ ሳትበረታ ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ከማሳዎ ራስ ላይ እቆማለሁ። ባየልኝ የወንድሙን ልጆች አሻግሮ አይተኩስም።

ለእኔም አንድ ማጭድ ይያዙልኝ።

የውባንተ ሚስት