ሰሜን በየት በኩል ነው?

ይድረስ ለአባባ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዳገቱን አሁንም ባንድ ትንፋሽ ይወጡታል ወይስ መሃል ላይ ቆም እያሉ ነው? እማዬስ ሳሉ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩ፤ ያው የሆቴል አንሶላ እየተኮስኩ አለሁ።

ከሥራ መልስ በሰፈሩ ኮሌጅ ሂሳብ አያያዝ እንደምማር ያውቃሉ። ዘንድሮ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ውሰዱ ሲሉን፣ ሰዓቱ ስለተመቸኝ ብቻ ጂኦግራፊ ያዝኩ። አባባ፣ ጉድ ሆንኩልዎ። ነፋስ ከየት እንደሚነሳ፣ ወንዝ ለምን እንደሚጠማዘዝ ስሰማ አመሻለሁ፤ በማግስቱ አንሶላ ስዘረጋ እጥፋቱ ሁሉ ሸለቆና ሸንተረር ይሆንብኛል። እጄ ይተኩሳል፣ ልቤ ግን እዚያ የለም። “እሳት” የምንላት አለቃችን፣ አንሶላ ተኩሺ ብዬሽ አገር ታስሺያለሽ ብላ ሳቀችብኝ።

ባለፈው ሳምንት አስተማሪያችን የምታውቁትን ቦታ ካርታ በቃላችሁ ሳሉ አለችን። እኔም የኛን ደጅ ሳልኩ፤ ከላይ ዳገቱንና የአክስቴን ቤት፣ ከታች ወንዙን፣ መሃል ላይ እርስዎ የሚቀመጡበትን የበር ድንጋይ። አስተማሪዋ አየችውና ሰሜን በየት በኩል ነው አለችኝ። ለካ ካርታ ላይ ሰሜን ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚደረገው። ምን ልበላት? ከኛ ዘንድ ላይ ቤትና ታች ቤት ነው ያለው፣ ሰሜን የሚባል ጎረቤት የለንም አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ሞተ።

እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጠዋት ፀሐይ ወደ ቤታችሁ በየት ትገባ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። በበራችን ገብታ የእርስዎ ጉልበት ላይ እንደምታርፍ ትዝ አለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ደጃፋችን ላይ ቆምኩ፤ ፀሐይ ፊት ለፊቴ፣ የአክስቴ ቤት በቀኜ፣ ወንዙ በግራዬ። ላይ የምንለው ደቡብ፣ ታች የምንለው ሰሜን ኖሯል። ይኸው ስንት ዘመን አገሬን ገልብጬ ይዣት ኖርኩ። አስተማሪዋ ወረቀቱን አላዞረችውም፤ ራሷ ጠረጴዛውን ዞራ አየችውና፣ ቀስት ብቻ ጨምሪበት፣ ደግሞም በዚህ ትምህርት ብትገፊ ያምርብሻል አለችኝ።

እንግዲህ ነገሬ ይህ ነው። ሂሳቡን ትቼ ወደ ጂኦግራፊ መዛወር እፈልጋለሁ። ልጄ ቢሮ ትቀመጣለች ብለው ለሰው ሁሉ እንደተናገሩ አውቃለሁ። ይኼኛው ምን እንጀራ እንደሚያበላ እኔም ገና አላውቅም፤ እፈራለሁ። ግን እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜዬ ነው፣ አባባ። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ የእርስዎ ቃል ሳይደርሰኝ አልፈርምም።

ወንድሜ በኔ ፈንታ የእማዬን ጉልበት ይሳምልኝ፤ እሱንም ሰነፍ፣ ደብዳቤ ጻፍ ይበሉልኝ። ለላይ ቤቷ አክስቴ ሰላም ይበሉና ደቡብ መሆኗን ቀስ ብለው ይንገሯት፣ እንዳትቆጣ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጠዋት በሩ ላይ ቆመው ፊትዎን ወደ ፀሐይ ያድርጉና ግራ እጅዎን ይዘርጉ። ወንዛችን የሚሄድበት፣ ሰሜን ማለት እሱ ነው። እኔም በዚያ በኩል ነኝ። ቢመርቁኝም ቢቆጡኝም፣ ወደዚያ ዞረው ይሁን።

ታናሽ ልጅዎ
ከመተኮሻው ቤት በላይ ካለችው ክፍሌ
ጥቅምት ፲፬ ቀን