ጆንያ ተሸክሞ መሄድ

ጥር 2፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ጆንያው ጀርባዬ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ ደርሶ መልስ። ውስጡ ያለው አሸዋ ረጥቦ ነው መሰለኝ ከትናንት ይከብዳል። ጉልበቴ ቋ ቋ ይላል። እንዳልሰማ ሆንኩ። ሱሉልታ በዚህ ሰዓት መንገዱ የሯጭ ነው፤ እየከነፉ ያልፉኛል። ፌንጣ ሁሉ! ደብተርዬ፣ ላንተ ብቻ ልንገርህ፦ በሩን ዘግቼ ነው የተቀመጥኩት። ሰው ሳለከልክ እንዳያየኝ።

ነገሩ ይኸውልህ። በዚህ ደን ዘበኝነት አረጀሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ እሳት ሲነሳ ከሚወጣው ቡድን ቀርቼ አላውቅም። አሁን የደኑ ጽ/ቤት ሕግ አወጣ፦ ፈተና ያላለፈ ወደ እሳት አይወጣም። ፈተናው ጆንያ ተሸክሞ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በእርምጃ ብቻ መድረስ። የሮጠ ወደቀ።

እጄ ደከመ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈት ከጆንያ አይተናነስም።

ጥር 4

ልምምድ። አሰልጣኟ ጫልቱ ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፤ ፊሽካዋ ጆሮ ይበሳል። ቁጭ ብድግ አሠራችን። ቁጭ አልኩ። ብድጉ ዘገየ። ለሚ የሚባለው ጎረምሳ ከኋላዬ፦ «ኦቦ ወርቁ፣ ወንበር ላምጣልዎ?» ሳቁብኝ።

«ላባትህ አምጣለት፤ አዝዬ ያሳደግኩት ነው፣ ሳይደክመው አይቀርም።» ሳቁ ወደሱ ዞረ።

ጫልቱ ታስረዳለች። ተራራ ላይ የሮጠ ትንፋሹ ያልቅበታል፣ ያለቀበትን ሌሎች ይሸከማሉ፣ እሳቱ ያመልጣል። እውነቷን ነው። አላልኳትም።

ድሮ ማን ተለማመደ? ኡኡታ ሲሰማ መውጣት ነው። ለምለም ቅርንጫፍ ሰብሮ እሳቱን መቀጥቀጥ። ሴቱ በእንስራ ውሃ። ከሁሉ በኋላ ፊታችን ጥላሸት፣ ማን ማን እንደሆነ አንተዋወቅም። አስካለን፣ ባለቤቴን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በሳቋ ነበር የምለያት። በዚያ ሁሉ ጥቁር ፊት መሀል ጥርሷ ያበራል። እንደዚያ ያለ ድካም ዛሬ ከየት ይመጣል።

ጥር 7፣ ከምሳ በኋላ

ዘነበች ከቡራዩ ደወለች። ያለችኝ ልጅ እሷ ናት። ስለ ደም ግፊቴ ጀመረች፤ ጨረሰችም በሱ። ክፍል አዘጋጅታልኛለች፣ ቴሌቪዥን ሳይቀር። እኔ ቡራዩ ምን ልሠራ? ፎቅ ላይ ሆኜ ታክሲ ልቆጥር? እዚህ መስኮቴን ስከፍት ደኑ ነው። ፊት ለፊት ያለውን ጽድ ከናቷ ጋር ነው የተከልነው፣ በዘመቻ ጊዜ። እኔ ስቆፍር እሷ ችግኝ ስታቆም። ጉድጓድህ ጠበበ ብላ ደግማ ታስቆፍረኛለች።

ተናደድኩና አፌ አመለጠኝ፦ ፈተናውን ከወደቅኩ እመጣለሁ አልኳት። ቃል? አለች። ቃል አልኩ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቤቱን ዞሬ አየሁት። አይ አፌ!

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት፣ ዕረፍት። ዛሬ ጆንያው ቀለለኝ። ጫልቱ ሰዓቷን አይታ፣ እንዲሁ ከሄዱ ያልፋሉ አለችኝ። ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ መጣሁ። በሩን ከፍቼ፣ አስካለ ሰማሽ ወይ ልል አፌ ተከፈተ።

በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ጥር 15፣ ከፈተናው መልስ

ወደቅኩ።

ጉልበቴ አይደለም። ጆንያውም አይደለም። ደህና እየሄድኩ ነበር፣ ሰዓትም ነበረኝ። ማብቂያው ሲቃረብ ለሚ ከጎኔ መጣ። «አይዞዎት አባባ!» ብሎኝ አለፈ። አባባ! እግሬ ራሱ ተነሳ። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜ፣ ጆንያ ተሸክሜ፣ ቀድሜው ገባሁ ደብተርዬ! ሰዉ አጨበጨበ። ፊሽካው ተነፋ። ሮጠዋል፣ ኦቦ ወርቁ። እንዲህ ብቻ አለች ጫልቱ፣ ወደ መሬት እያየች።

ለሚ ጆንያዬን አወረደልኝ። እንደሱ ከሚያዝንልኝ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቅዳሜ ለወደቁት ድጋሚ አለ አሉኝ። እጄን አወናጭፌባቸው መጣሁ። ልመና አልወድም። ዘነበች ጋ ራሴ ደወልኩ።

ጥር 17

ዘነበች ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ልብሴን ታጥፋለች፣ አታየኝም። እኔ መስኮቱ ጋ። ቅጠል ተሸካሚ ሴቶች ከደኑ ይወርዳሉ።

እናቷን ያወቅኳት እንዲህ ስትወርድ ነው። እኔ ዱላ የያዝኩ ዘበኛ። ቁሙ! ብዬ ሮጥኩባቸው። ሌሎቹ ሸክማቸውን ጥለው በረሩ። አስካለ አልጣለችም፣ አልሮጠችም። ጎንበስ ብላ፣ አጠር አጠር ባለ እርምጃ፣ መንገዷን። ስደርስባት የምቆጣበት ትንፋሽ የለኝም። ዞር ብላ፦ «መጀመሪያ ተንፍስ፤ ከዚያ ትቆጣኛለህ።» አላቆመችም። እየተከተልኩ ሰፈሯ ደረስኩ። ቁጣውን ረሳሁት።

ሻንጣውን እስከ ቅዳሜ ተይው አልኳት ዘነበችን።

«ቃል ሰጥተኸኛል አባዬ።»

«የሰጠሁሽ ከወደቅኩ ብዬ ነው። ድጋሚ እያለ ወድቋል አይባልም።»

«አንተ እኮ ጠበቃ መሆን ነበረብህ!» ሸሚዜን ወረወረችብኝ። ቅዳሜ ግን መንገድ ዳር ቆማ ልታየኝ ነው።

እንግዲህ ቁርጥ ነው። በአስካለ እርምጃ እሄዳለሁ። ለሚ ይለፈኝ። አባባ ይበለኝ። የፈለገ ሁሉ ይለፈኝ፣ አልሮጥም። ዘነበች ጆንያው ምን ያህል ቢከብድ ነው ብላ ልታነሳው ነው፣ ኧረ ተይ፣ ወገብሽን! ልነሳ ደብተርዬ፣ ላግዛት።