ሰማያዊው ውኃ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ጠዋት ቢሮ ስደርስ ካርታ የምሠራበት ትልቁ ኮምፒውተር ጠፍቶ፣ ሥሩ ውኃ አቁሮ አገኘሁት። ወዲያው የጽዳት ሠራተኛችን ወይዘሮ ጥሩዬ ላይ ጮኽሁ።

«ባልዲዎን እዚህ አያምጡ ብዬ አልነበረም?»

«ኧረ ዛሬ ወደዚህ አልደረስሁም፣ ልጄ» አሉ። የቢሮው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ጎንበስ ብለው ወለሉን አደረቁልኝ።

የማሽኑን ክዳን ስከፍት ግን ጥፋቱ የራሴ ሆነ። የሚቀዘቅዘው በቱቦ በሚዞር ሰማያዊ ውኃ ነው። ዓርብ ዕለት ውኃውን ስቀይር የአንዱን ቱቦ ማሰሪያ በደንብ አላጠበቅሁትም። ወለሉ ላይ የነበረውም ሰማያዊ ነበር፤ የባልዲ ውኃ ደግሞ ሰማያዊ አይሆንም። ገና ስጮኽ ይህን ሳላይ ቀርቼ ነው? አይመስለኝም።

ማሰሪያውን አጠበቅሁ፤ ውስጡን አድርቄ ውኃውን ሞላሁት። አሥር ሰዓት ላይ ተነሣ። ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ።

«ዳነልህ?»

«አዎ።»

«ተመስገን! ሳላውቀው አፍስሼበት ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ዋልሁ።»

«እኔ ነኝ» ማለት አቃተኝ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ጣና ዳር ተቀምጬ ደጋግሜ አልሁት። ለብቻ ሲሉት ቀላል ነው።